አባት በንጉሡ ሠርግ መዝሙር ውስጥ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ብቸና

ከብቸና ወደ ሞጣ የተነሣሁት ለልጄ ለሰብለ ሠርግ ነው። ሰብለ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ተፋታን፤ እናቷም ሞጣ ሄዳ አንድ የቅኔ መምህር አገባች። ልጄን ያሳደጓት እኚህ መሪጌታ ናቸው። እኔ ለበዓል ልብስ እየላክሁ አባትነቴን የተወጣሁ መስሎኝ ኖርሁ።

ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ “ጋሼ፣ ዋዜማውን አባባ ከዳዊት የንጉሡን ሠርግ መዝሙር ያነቡልኛል” አለችኝ። ጋሼ እኔ ነኝ፤ አባባ እሳቸው። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

አራት ሰዓት፤ ደብረ ወርቅ

ሚኒባሱ ከልክ በላይ ጭኗል፤ አቧራው በተዘጋው መስኮት ሳይቀር ይገባል። ደብረ ወርቅ ላይ ሽሮ በልተን ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

“ለልጄ ሠርግ፣ ሞጣ።”

“መቼ ነው ሠርጉ?”

“ነገ።”

“ውይ! የሙሽራ አባት እንደ ተጠራ እንግዳ በዋዜማው ይደርሳል እንዴ?”

እስከ ጉንደወይን ድረስ በየአውድማው የተከመረውን የጤፍ ጭድ ስመለከት ቆየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፤ ሞጣ

ዳሱ ተጥሏል። መሪጌታ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰብለና ሚዜዎቿ ከበዋቸዋል። ከማንበባቸው በፊት በመዝሙሩ ውስጥ ማን ምን እንደሆነ ማስረዳት ልማዳቸው ነው።

“ንጉሡ ሙሽራው ነው። በቀኙ የምትቆመው ንግሥት አንቺ ነሽ። ተከትለዋት የሚገቡት ደናግል እነዚህ ሚዜዎችሽ ናቸው። ከባለጠጋው አገር እጅ መንሻ ይዘው የሚመጡት…” ብለው ከባሕር ዳር የመጡትን አክስቶቿን ሲያዩ ሁሉም ሳቀ። “ብርዕ ይዞ ሁሉን የሚናገረው ባለቅኔ ደግሞ እንግዲህ እኔ ልሁን።”

ሁሉም ቦታውን አገኘ፤ ከኔ በቀር። አፌን ልያዝ ብል አልቻልሁም።

“አባትየውስ? አባት የለም እንዴ በዚህ መዝሙር?”

የሰብለ እናት ወደ መሬት አቀረቀረች። መሪጌታ ግን አልተቆጡም።

“አለ እንጂ። የአባቷ ቤት ተጠርቷል። እንዲያውም ይህቺን ቃል የወለዳት ቢላት ይሻላል። ይምጡ” አሉና ዳዊቱን ሰጡኝ።

የተመኘሁት ይኸው እጄ ገባ። በጣታቸው ያሳዩኝ ቦታ ላይ ባለቅኔው ሙሽራይቱን ልጄ ብሎ ይጠራትና የአባቷን ቤት እንድትረሳ ይመክራታል።

“ልጄ…” አልሁና ቆምሁ።

የትኛውን ቤት ነው የምትረሳው? ከሦስት ዓመቷ ወዲህ ብቸና ያለው ቤቴ አንድ ቀን እንኳ አድራ አታውቅም። ፊደል የቆጠረችው እዚህ መደብ ላይ ነው።

“መሪጌታ፣ ይህን እርስዎ ይበሉት። የምትረሳው ቤት የእርስዎ ነው።”

ዳዊቱን ተቀበሉ። ስንቱን ሙሽራ ያስተማሩት ሰው “ልጄ” ከሚለው ቃል ማለፍ አቃታቸው፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ሰብለ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀጥላ የኔንም ሳመችና፣ “ጋሼ፣ ስለመጡ እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ።

ሰኞ፤ ብቸና

ጉዞው ቅናቴን አላስለቀቀኝም፤ በምን እንደምቀና ግን አስተማረኝ። መሪጌታ መዝሙሩን በማንበባቸው አይደለም። የሚያስለቅስ ነገር ስለነበራቸው ነው።

ቤቴን ጠረግሁ። አልጋውን ከግድግዳው አራቅሁ፤ መልሼ አስጠጋሁት። ከዚያ ደወልሁላት።

“ሰብለ፣ የመሪጌታ መልስ ካለፈ በኋላ ከባልሽ ጋር ብቸና ኑ። እኔም ላብላችሁ።”

“እሺ ጋሼ። ቤቱ በየት በኩል ነው?”

ከመናኸሪያው ጀምሬ መንገዱን ነገርኋት።