ጆሮ ካልያዘች የማትተኛ ተሳፋሪ

ሚስቴ ሐኪም ናት። ስፔሻላይዝ ልታደርግ አዲስ አበባ ስትሄድ ልጃችን ገና መዳህ አልጀመረችም ነበር። እሷ ማደሪያ ገባች፤ ማደሪያ ደግሞ ልጅ አያስገቡም። እኔና ልጄ ሮቤ ቀረን። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። አገሬ ጎጃም ነው፤ እዚህ አክስት የለኝ፣ አጎት የለኝ። ቀን ቀን ሞግዚት ትይዛታለች፣ ከሥራ ስገባ የኔ ናት። "ወንድ ልጅ እንዴት ብሎ ነው የሚችለው?" ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ብሎ ማለት ምን ማለት ነው? እንደማንም ነዋ! ገንፎ አገነፋለሁ፣ አጥባለሁ፣ በጋቢ አዝላለሁ። በሮቤ ብርድ ልጅ ያዘለ ሰው ራሱም ይሞቃል።

መተኛት ላይ ግን ጣጣ አለባት። እሹሩሩ ብትላት፣ ብትዘፍንላት፣ ወይ ፍንክች። ጀርባዬ ላይ ሆና ጆሮዬን በሁለት ጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸዋለች፤ ጣቷ ሲላላ ያን ጊዜ ተኛች ማለት ነው። አንድ ጆሮዬ ቀልቶ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

እናቷ በየበዓሉ ትመጣ ነበር። ልጅቷ ልትለምዳት ስትል መሄጃዋ ይደርሳል። በመጨረሻ ቤት ተከራየች፣ እህቷም አብራት ልትኖር መጣች፣ ደወለችና አሁን አምጣልኝ አለችኝ። ምን እላለሁ? ስንመኘው የከረምነው ቀን ነው። እሺ አልኩ። እናቷን እምቢ ብትልስ ብዬ መጨነቄ ደግ ነበር፤ ችግሩ፣ እምቢ ብትል ደስ የሚለው ነገርም ውስጤ ነበረ። እንዲህ ያለ አባት አለ? አለ፣ ይኸው።

ልጄን መኪና ያስመልሳታል። እዚሁ አጠገባችን ጎባ ደርሰን ብንመለስ እንኳ የሁለታችንም ልብስ ይታጠባል። ስለዚህ በአውሮፕላን እንድንሄድ ተወሰነ። እኔም ብሆን ተሳፍሬ አላውቅም። የማውቀው ከስንዴው ማሳ በላይ ሲያልፍ አንጋጥጬ ማየት ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ነፋሱ አያድርስ ነበር። አየር ማረፊያው ፍተሻ ጋ ፍታት ተባልኩ፣ ፈታኋት፤ ካለፍን በኋላ መልሼ አዘልኳትና እንደዚያው መሰላሉን ወጣሁ። አስተናጋጇ አየችኝና ልጅ የሚቀመጠው ጭን ላይ ነው ብላ ትንሽዬ ቀበቶ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ አዝዬ ብቆምስ ብዬ ጠየቅኋት። የምሬን ነው፤ ታክሲ ውስጥ ስንቴ ቆመን ሄደናል! ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ አይቻልም፣ መቀመጥ ግዴታ ነው አለችኝ።

ጭኔ ላይ ፊቷን ወደፊት አድርጌ አሰርኳት። ጀርባዬን ፈለገች፣ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተጣብቋል። ጆሮዬን ፈለገች፣ እጇ አልደርስ አለ። ሞተሩ ሲጮህ እሷም ጮኸች። ስዞር ቀበቶው ይይዘኛል፣ ሳጎነብስ አናቷ አገጬን ይመታኛል። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። እናት ብትሆን ኖሮ አንዷ ሴት ተነስታ ትረዳት ነበር፤ እኔን ግን ያዩኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጡት ከሮቤ አጠገብ ካለችው ሲናና የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ዓይናቸውን ሊታከሙ የሚሄዱ። ገና ስንገባ "አካም ጅርቱ" ብለው ሰላምታ ሰጥተውን ነበር። አሁን ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉና "ኮቱ፣ ኮቱ" አሏት፣ ነይ ማለታቸው ነው። ሞግዚቷ የምታናግራት በኦሮምኛ ስለሆነ ገባት፤ እጇን ዘረጋች። ጥምጥማቸውን አልፋ የሽማግሌውን ጆሮ ያዘች። ታሸዋለች፣ ታሸዋለች። ልቅሶው ረገበ። ጣቷ ሲላላ ዓይኔ እያየ ነው። የማታውቀውን ሰው ጆሮ ይዛ ተኛች።

ይቅርታ አባባ ብዬ እጇን ላስለቅቃት ስል አዛውንቱ አንገታቸውን እንዳጣመሙ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"ተዋት ልጄ፣ እኔም ቤት ሙሉ አሳድጌያለሁ" አሉኝ።

አመሰገንኳቸው። ውስጤ ግን ክፉኛ ከፋኝ። እስከዚያች ሰዓት የምትፈልገው የኔን ጆሮ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጆሮ ከሆነ ይበቃታል! ከታች ያለውን አገር አይተሃል ወይ ብትሉኝ አላየሁም። ያየሁት የሳቸውን ጆሮ ነው።

አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ጆሮዋን አሟት ነቃችና እስክናርፍ ድረስ እያለቀሰች ደረስን። ቦሌ እናቷ ቆማ ትጠብቀናለች። ልጅቷ አንገቴ ሥር ተሸጎጠች፤ እናቷ ወሰደቻት፤ ወደ እኔ ተንጠራርታ አለቀሰች። ይህን ነበር የተመኘሁት? ሳየው አንጀቴን በላው። ቶሎ ቶሎ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ገንፎዋ ቀጠን ይበል፣ ስትታጠብ ፊቷን አስቀድሚ፣ ስትተኛ ደግሞ... ሚስቴ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አቋረጠችኝ።

"አትንገረኝ፣ እናቷ እኮ ነኝ!"

እውነቷን ነው። እሷም ብትሆን ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ እጇን ነው የተኛችው። ካደርኩ ልጅቷ እንደማትለምዳት አስቀድመን ተነጋግረን ነበር፣ ስለዚህ ከዚያው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሻሸመኔ አደርኩ። ፍራሹ ላይ በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ።

በማግሥቱ ዲንሾ ስንደርስ ሹፌሩ ሻይ እንጠጣ ብሎ አቆመ። እኔም ወርጄ ብርዱ ውስጥ እንደቆምኩ ስልኬ ጠራ። መጀመሪያ የሰማሁት ሚስቴን ሳይሆን ልቅሶውን ነው። ትናንት ደክሟት እንደተኛች፣ ዛሬ ግን ብታዝላትም ብታባብላትም እምቢ እንዳለቻት ነገረችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ እኔን የያዘኝ ጭንቀት ድምፅዋ ውስጥ ነበር።

"እንዴት ነው የምታስተኛት? በናትህ ንገረኝ" አለችኝ።

ነገርኳት። ሻሿን እንድታወልቅ፣ የትኛውን ጆሮዋን እንደምታስይዛት፣ ስታሸው ቢያማትም እንዳትነቃነቅ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ አስቀመጠችው። እግሯ ወለሉ ላይ ሲመላለስ ይሰማኛል። ልቅሶው ቀጠነ፣ እየቆየ ሳግ ብቻ ሆነ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሻያቸውን ጨርሰው ገብተዋል። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ፣ የልጄን ትንፋሽ የምሰማ ይመስል እጠብቃለሁ። አልቻልኩም፣ ተኛች ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ሚስቴ ወደ ስልኩ ቀርባ በሹክሹክታ መለሰችልኝ።

"ልትተኛ ስትል ድምፅህን ሰምታ ቀና አለች። ዝጋው።"

ዘጋሁት።