ሪባኑ እስኪቆረጥ

ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ከቀድሞ አለቃዬ አጠገብ አስቀመጡኝ። ናዝሬት ውስጥ ሰው ሸሽቶ አይዘለቅም፤ በሠርግ ብታመልጪው በለቅሶ ታገኚዋለሽ። አርጅቷል፣ ወሬው ግን አላረጀም። አብረን እንሠራበት ለነበረው ኮሌጅ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ማባዣ ያስመጣው እሱ እንደሆነ ለወጣቶቹ ሲተርክ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «ምስክሬ እሷ ናት» አለ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ንፍሮዬን መቆርጠም ቀጠልኩ። ስሙን እዚህም አልጽፈውም፤ ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። ምስክርነቴን ግን ከፈለገ ይኸው።

በደርግ ጊዜ የዚያ ኮሌጅ ታይፒስት ነበርኩ። መምህራኑ በእጃቸው የጻፉትን ትምህርት ስቴንስል በሚባለው ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ እመታና በማባዣው ላይ ጠቅልዬ እጀታውን አዞራለሁ፤ ለተማሪው ሁሉ የሚበቃ ቅጂ ይወጣል። ማሽኑ አርጅቶ ቀለም ይተፋ ነበር። ንጹሕ እጅጌ ያለው ቀሚስ አልነበረኝም። ቢሆንም ማሽኑ ይሠራል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ማባዣ እንደመጣ አለቃዬ ስብሰባ ጠርቶ አሮጌውን ለአቦምሳ የመሠረተ ትምህርት ሥራ በስጦታ አበረከተ። ተጨበጨበ፣ ማሽኑም በማግስቱ ተጭኖ ሄደ። አዲሱን ለአንድ ገጽ እንኳ ሳንሞክረው! ለአዲሱ ማሽን ክፍል ተቀባለት፣ መጋረጃ ተሰፋለት፤ ማሽኑ ከፋይ ጨርቅ ለበሰ፤ በሩ ላይ ቀይ ሪባን ተወጠረ። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ባለሥልጣን እንግዳ እስኪመርቁት ማንም አይነካውም ተባለ። የመታኋቸው ስቴንስሎች፣ የመምህራኑ የእጅ ጽሑፍ፣ ባዶው ወረቀት ሳይቀር «ዝግጁ ይሁን» ተብሎ አብሮ ተቆለፈበት። በዚያ ዘመን ወረቀትና ማባዣ የጦር መሣሪያ ያህል ይጠበቅ ስለነበር ቁልፉ ከአለቃዬ ኪስ አይወጣም።

ከተቆለፉት አንዱ የታናሽ እህቴ ትምህርት ነው፤ እዚያው ኮሌጅ ትማር ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነበር። በአንድ ትምህርት ወድቃ እየደገመችው ነበር፤ ድጋሚ ከወደቀች ትሰናበታለች። መምህሩ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ደግ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውን ግን ከራሳቸው በቀር የሚሰማው አልነበረም። ተማሪው የሚያልፈው በሚባዛው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስቴንስሉን ስመታ ነገ ይባዛል ብዬ ለእህቴ አንዲት መስመር እንኳ አላስቀረሁላትም።

እንግዳው ሻሸመኔ ስብሰባ አለባቸው ተባለ። ቀጥሎ አዲስ አበባ ተጠሩ። ቀጥሎ ለመኪናቸው ነዳጅ ጠፋ። የበሩ ዘበኛ ባየኝ ቁጥር «ኦብሲ» ይለኛል፣ ታገሺ ማለቱ ነው። ሳምንታት አለፉ፤ ፈተናው ደረሰ። አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«በመስኮት በኩል ገብቼ ላባዛው» አልኩ። «ሪባኑን አልነካም። ስጨርስ አጽድቼ ጨርቁን መልሼ አለብሰዋለሁ። ማን ያውቃል?»

«ቀለም የነካው ማሽን ነው ለእንግዳ የምናሳየው?»

«እንግዲያው ጽሑፉን ብቻ ይስጡኝ፣ በካርቦን እመታዋለሁ።»

ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «ለተማሪው ነው ወይስ ለእህትሽ?»

ለሁለቱም ነው አልኩት። እውነት መናገር እዳ መሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አስነስቶ አቆመኝ። ጓድ ታይፒስት የሕዝብን ንብረት ለቤተሰብ ጥቅም ለማዋል ሞክራለች፣ ራሷን ትተች፣ አለ። ተቸሁ። ምን አደርጋለሁ? ከጎኔ ተቀምጠው ስቴንስል ምቺልን እያሉ ሲለማመጡኝ የኖሩት መምህራን ወለሉን ያያሉ። እነሱንም አልረሳሁም።

ፈተናው ተሰጠ። እህቴ ወደቀች፣ ከእሷ ጋር ሌሎችም። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት እንግዳው መጡ።

ሪባኑ ተቆረጠ፣ ጨርቁ ተገፈፈ፣ አለቃዬ ስለ ተራማጅ ትምህርት ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ማሽኑ ሲሠራ ይታይ ተባለና እዚያው ቁምሳጥን ውስጥ ከተደረደሩት ስቴንስሎች የላይኛውን አንስቶ ሰጠኝ። ሳየው የእህቴ ትምህርት ነው። አጠለቅሁት፤ ማስነሻውን ተጫንኩ። እውነት ለመናገር ማሽኑ ግሩም ነበር፤ ያን ሁሉ ሳምንት የተለመነበትን ሥራ ንግግሩ ከፈጀው ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። እንግዳው አንዱን ገጽ ይዘው ፎቶ ተነሡ። «ጥራቱ የሚደነቅ ነው» አሉ። አለቃዬ ፊቱ አበራ። ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ቅጂዎቹን የሚወስድ አልነበረም፤ ፈተናው አልቋል። አንድ ሙሉ ቅጂ አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩ። የሕዝብ ንብረት መሆኑ ነው፤ ይክሰሰኝ።

ቤት ስደርስ እህቴ ወደ ሻሸመኔ ልትሄድ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር፤ እዚያ ያለችው አክስታችን የልብስ ስፌት ሥራ አግኝታላታለች። ወረቀቱን ለምን እንደሰጠኋት ዛሬም አላውቅም። ተቀብላኝ እንደቆመች እስከ መጨረሻው አነበበችው። አላለቀሰችም፣ አልተናደደችም።

«ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?» አለች።

ወረቀቱን መለሰችልኝና ልብሷን ማጣጠፍ ቀጠለች።