በሩ ክፍት ነው

ሰንበት በምትገባበት ምሽት፣ የመቀበያው መዝሙር መጨረሻ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ወደ በሩ እንዞራለን። ሰንበት እንደ ሙሽራ ናት ይባላል፤ ለምትገባ ሙሽራ ደግሞ ጀርባ አይሰጥም። ለንደን፣ ዊልስደን ባለችው ትንሽ ምኩራባችን ግን ስንዞር የምናየው በር ተቆልፏል። ከበሩ ውጭ የቆሙት አባቴ ናቸው።

የምንዘምረውን ዜማ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቃሉ የጥንት ነው፤ እኔ አዲስ ዜማ ሰጠሁትና «ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው» የሚል አዝማች በአማርኛ ጨመርኩበት። ዜማ የሚመጣልኝ አውቶቡስ ላይ ነው። ስልኬ ላይ አንጎራጉሬ እቀዳዋለሁ፤ ቤት ገብቼ በጊታር አስተካክለውና ማንም ወስዶ እንዲዘምረው ኢንተርኔት ላይ እለቀዋለሁ። ሌላ ከተማ ያሉ ሰዎች አማርኛዬን እየሰባበሩ ሲዘምሩት ቀርጸው ሲልኩልኝ በደስታ የምሆነውን አጣለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት ልምምዳችንን ቀርጸን ለቀቅን። ስንዞር ካሜራውም አብሮን ዞረ። በሩ ታየ፤ በመስታወቱ ደግሞ ማዶ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ። ከምስጋናው ሁሉ መሀል አንድ ስምም ፎቶም የሌለው ሰው «በሩን አውቀዋለሁ» ብሎ ጻፈ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ምኩራቦች በሚጠቁበት በዚህ ጊዜ ዛቻ መሰለን። ቪዲዮውን አጠፋሁትና ለፖሊስ ነገርን፤ ፖሊሶች መጥተው በትሕትና ጠየቁንና ሄዱ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ኮሚቴው የበሩ መስታወት እንዲሸፈን፣ በመዝሙሩ ሰዓት በሩ እንዲቆለፍ፣ አንድ ሰውም ውጭ እንዲቆም ወሰነ። አባቴ እጃቸውን አወጡ።

«አባዬ፣ እርስዎ አይቆሙም» አልኳቸው።

«ሰቨን ሲስተርስ ሱቅ በር ላይ ስንት ዓመት ሴኩሪቲ ሠርቼ? የሰው ፊት አውቃለሁ።»

«ያኔ የሚመጣው ሌባ ነበር።»

«አሁንስ ማን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?»

እርግጥ በሰንበት ጊታር መንካቴን ስለማይወዱት ውጭ መቆሙ ሳይስማማቸው አልቀረም። ጎንደር ያደገ ቤተ እስራኤል ሰንበትን በግዕዝ ጸሎት ነው የሚቀበላት።

ቢጫ ሰደርያና የእጅ ሬዲዮ ተሰጣቸው። ሰደርያውን ለበሱ። ሬዲዮውን ግን ሰንበት ከገባች በኋላ እንደማይነኩት ተናገሩ። ነፍስ ለማዳን ይፈቀዳል ብንላቸው «እሺ» አሉና አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት። እንደ አባቴ እሺ ባይ እምቢተኛ አላየሁም። ስለዚህ ደህና መሆናቸውን የምናውቀው በድምፃቸው ብቻ ሆነ። ውጭ ቆመው ዜማዬን ያንጎራጉራሉ፤ ከኛ ትንሽ ዘግየት ብለው፣ እንደ ጎንደር ቤተ እስራኤል ቄሶች እያስረዘሙ። በበሩ በኩል ስሰማቸው ልቤ ይረጋል።

አንድ ዓርብ ወደ በሩ ዞረን አዝማቹን ስንጀምር ድምፃቸው አልተሰማኝም። እዚያ ጋ ሰው ሁሉ እንዲያጨበጭብ፣ ከበሮውም እንዲበረታ አድርጌ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሰው ሲፈራ ደግሞ አብዝቶ ይጮኻል። «ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው» እያልን የተቆለፈውን በር ትክ ብለን እያየን ዘመርን። እጄ ጊታሩን መምታት አላቆመም። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መዝሙሩ ሲያልቅ በሩን ከፈትን። አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ማዶ ማዶውን ያያሉ።

«አንድ ሰው እዚያ ቆሞ በሩን ሲያይ ነበር» አሉ። «አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ እሱ አልተሳፈረም። እናንተ ስታበቁ በእግሩ ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አላንኳኩም?»

«አንኳኳሁ እኮ፣ ልጄ። ደጋግሜ አንኳኳሁ።»

በዚያው ሳምንት ዜማውን ለወጥኩት። ከመጨረሻው አዝማች በፊት ከበሮውም ጊታሩም ሰውም ዝም የሚልበት ቦታ አስገባሁና እንደገና ለቀቅኩት። ብዙ ሰው ወደደው። ከሌላ ከተማ ሰዎች ይጽፉልኛል፤ ያ ዝምታ እንዴት እንደሚያምር፣ ሰንበትን ስትገባ እንደሚሰሟት ይነግሩኛል። አመሰግናለሁ ብዬ እመልስላቸዋለሁ።

እኛ እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ትንፋሻችንን ይዘን ወደ በሩ እናዳምጣለን። አባቴ ከውጭ አንዲት ሐረግ ያንጎራጉራሉ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።

እስካሁን መልሰውልናል።