ማስታወቂያውን አንብቤ ስጨርስ ብቻዬን ነበርኩ

ዛሬ ከሽንዲ በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ጫካ፣ ከነብር ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ ተረፍኩ! እሺ፣ ፊት ለፊት እንኳ አይደለም፤ ጭራውን ነው ያየሁት።

የዓባይን በረሃ ለማየት በእግር የወረድነው እኔ፣ ሁለት የማታ ትምህርት ጓደኞቼና መንገድ የሚመሩን ጋሼ ይስማው ነን።

ዛፍ ላይ የተቸነከረ ሰሌዳ አየሁ። በቅርቡ ፊደል የቆጠረ ሰው ጽሑፍ አይቶ ዝም ብሎ ያልፋል? ቆሜ አንድ በአንድ ለቀምኩት፦ «ብ-ቻ-ህን አት-ሂድ። አ-ው-ሬ አለ።»

ዞር ስል ማንም የለም። (ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ፤ በፍጥነት ግን አይደለም።)

ከኋላዬ ሣሩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ እንደ መጋዝ የሚሻክር ትንፋሽ ሰማሁ። ልሮጥ እግሬን አነሳሁ።

«እንዳትሮጥ! ባለህበት ቁም!» ጋሼ ቢያጡኝ ተመልሰው ኖሯል፤ ድንጋይ እየወረወሩ ደረሱልኝ።

«ምን ትሠራ ነበር አንተ?»

«አነብ ነበር፣ ጋሼ።»

«ምን ይላል?»

«ብቻህን አትሂድ ይላል።»

«ቆመህም አትቅር ብለው ቢጨምሩበት ምን ነበረበት!»

ይህን የምጽፈው አሁን ቡሬ ገብቼ ነው። እናንተስ ጫካ ውስጥ ብቻችሁን ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን ሁሉንም አነባለሁ።

ጭራውን አየሁ ያልኩት ግን ውሸት ነው። ትንፋሹን ብቻ ነው የሰማሁት፤ የምን እንደነበረ እስካሁን አላውቅም።