ዘጠነኛው መብራት

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋሽ ሽቦ ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያገናኝ ገመድ ሲዘረጋ ኖሯል፤ ሙያውንም የተማረው ሌሎች ከጣሏቸው መጻሕፍት ነው። ለጠየቀው ሁሉ ሳይሰለች ያስረዳል፦

«ሀብ ማለት አንድ ነገር ሲነግሩት ለግቢው ሁሉ የሚለፍፍ ነው። ስዊች ግን ለባለጉዳዩ ጆሮ ብቻ ያደርሳል። ራውተር ደግሞ የውጪውን መንገድ የሚያውቅ በረኛ ነው።»

ያን ጠዋት አሮጌውን ሀብ አውርዶ ስዊች ሲተክል ግን ልቡ ሥራው ላይ አልነበረም። የጽዳት ሠራተኛዋ ከትናንት ጀምሮ የገባችበት ጠፍቷል። ልጇ በር ላይ ቆማ ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች።

«ጋሼ፣ እናቴን አላዩዋትም?»

«አይዞሽ ልጄ፣ ፈጣሪ አለ» ብሏት ገባ።

ስዊቹን ሲያበራው አረንጓዴ መብራቶቹ፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ አንድ፣ ተራ በተራ ነቁ። ዘጠነኛው ጨለማ ነበር፤ ገመዱ የሚወርደው ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል ነው። የመዝገብ ክፍሉ ሹም ካረፉ ወዲህ እዚያ የሚሠራ ሰው የለም።

ዘጠነኛው በራ። ጠፋ። ደግሞ በራ፤ እንደ ሰው ትንፋሽ።

ዘበኛው አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። «ሹሙ ሥራ ቀርቶባቸው ይሆናላ! ንቀለውና ይረፉበት።»

«አንተ ደግሞ በሙት ትቀልዳለህ!» አለው ጋሽ ሽቦ።

ጣቱ ግን ገመዱን ይዞ ነበር። ጀርባውን በረደው። በሀብ ጊዜ መብራቱ ሁሉ አንድ ላይ ይርገበገብ ስለነበር ይቺን አንዷን ማንም ልብ አይልም ነበር። አሁን ግን ብቻዋን ትጣራለች።

ገመዱን ለቀቀውና «አንተ ቅደም፣ ጌታዬ» እያለ ደረጃውን ወረደ።

ኮሪደሩ እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዟል። የብረቱ በር ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ክሩን ያውቀዋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ነው። ቁልፉን አዙሮ ከፈተ።

ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። በሩ ከኋላዋ ተዘግቶባት፣ የውስጡ እጀታ ተነቅሎ፣ ስትጮኽ አድራ ድምጿ ተዘግቷል።

«እህቴ! ኮምፒውተሩን ማብራት ማጥፋትሽ በጀሽ። መብራቱን አይቼ ነው የመጣሁ።»

«ስነካካው ነበር ያመሸሁት» አለች በሹክሹክታ። «እኩለ ሌሊት ላይ ግን ጣቴ ዛለ፤ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

ጋሽ ሽቦ ዞሮ ተመለከተ። የሹሙ ኮምፒውተር እዚያ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጠፍቷል። እጁን ቢያስነካው ሞቀው።

ደግፎ አወጣት። ልጅቱ እናቷን ስታይ ያሰማችው ጩኸት ግቢውን ሞላው።

ዘጠነኛውን ገመድ እስከ ዛሬ አልነቀለውም። ጠዋት ጠዋት ሲገባ አስቀድሞ ወደዚያች መብራት ይመለከታል፤ ጨለማ ናት። «ተመስገን» ይልና ሥራውን ይጀምራል።