አዲሱን ዘፋኝ ልናይ የሄድን ዕለት

የዚያን ቀን ዙሪክ ዳር፣ ዋሊሰለን በምሠራበት የጫማ መደብር ውስጥ አንዱን መደርደሪያ ሦስቴ አውርጄ ሦስቴ ደረደርኩት። አለቃዬ አይታ አይታ ስትሰለች፣ «ዛሬስ አልሆነልሽም፣ ሂጂ» ብላ አስወጣችኝ። ወንድሜን ልቀበል ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ደረስኩ። እሱም ብሶበታል። ከጄኔቭ እስኪደርስ አራት ጊዜ ወንበር መቀየሩንና በርን ከተማ ላይ ወርዶ ሊመለስ እንደነበር ገና ሳይስመኝ ነገረኝ።

ነገሩ ኮንሰርት ነው። ወንድሜ ከልጅነቱ የሚወደው የአሜሪካ ሮክ ባንድ አለ፤ እኔ ሳልወለድ የተመሠረተ፣ እስከ ዛሬም ያልተበተነ። አዲስ አበባ ሳለን ካሴቶቹን እያስቀዳ ያመጣ ነበር። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ እሱ ሲወጣ ጠብቄ እከፍታቸዋለሁ። እንግሊዝኛው አይገባኝም። ግን ከየትኛው ዘፈን ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ፣ በመሃላቸው ያለችው ዝምታም ምን ያህል እንደምትረዝም አውቅ ነበር። እሱ ሲሰደድ ካሴቶቹ ለእኔ ቀሩ። ከዓመታት በኋላ እኔም መጣሁና እሱ ጄኔቭ አውቶቡስ ሲነዳ እኔ ዙሪክ ኑሮ ጀመርኩ። ስንደዋወል ስለ ቤተሰብ አናወራም። ሁለተኛው አልበም ይበልጣል፣ የለም አምስተኛው ነው፣ ከበሮ መቺው ከተቀየረ ወዲህ ጣዕሙ ጠፋ፤ ወሬያችን ይኸው ነው።

ዘፋኙ ሲሞት ወንድሜ ዘፈኖቻቸውን መስማት አቆመ። ባንዱ ግን ወጣት ዘፋኝ አስገብቶ አዲስ አልበም አወጣ። ዙሪክ ሊመጡ ነው ሲባል ሳልጠይቀው ሁለት ቲኬት ገዛሁ። «የሟች ልብስ ለብሶ የሚዘፍን ልጅ ልይ?» ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ነዘነዘኝና መጨረሻ ላይ መጣ።

አዳራሹ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር ነው፤ እኔ ከምኖርበት ከዜባህ በእግር ይደረሳል። ስንገባ ገና ፀሐይ ነበር። ውስጡ ሽበት በሽበት ነው። ወንድሜ ጃኬቱን ያወልቃል፣ መልሶ ይለብሳል፤ ውሃ ልግዛ ብሎ ሄዶ ባዶ እጁን ይመጣል።

ሁለት ዘፈን ተጫውተው ሦስተኛ ላይ የሁለተኛውን አልበም መዝጊያ፣ ያንን ዝግ ያለ ዘፈን ጀመሩ። ልጁ በደንብ ዘፈነው። ዓይኔን ስጨፍን ልክ የድሮው ሰውዬ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ወንድሜ ዞር ስል ቦታው ላይ የለም።

እኔ የምወደው ዘፈን ገና አልመጣም ነበር። ልቅር ልከተለው እያልኩ ጥቂት አመነታሁና ሰዉን እየገፋሁ ወጣሁ። ትራም ፌርማታው ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ምነው ጋሼ? ልጁ አበላሸብህ?»

«ቢያበላሸውማ በተሻለኝ» አለኝ። «እማዬ ስታርፍ ወረቀቴ አላለቀም ነበር። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። የስደተኞች መኖሪያው ውስጥ አብሮኝ የሚያለቅስ አንድ ሰው አልነበረም። አርባዋ እስኪወጣ ያንን ዘፈን ነበር የምሰማው። እማዬን የቀበርኳት በዚያ ሰውዬ ድምፅ ነው። አሁን ይሄ ልጅ መጥቶ በዚያው ድምፅ ይዘፍናል!»

ማዘን ነበረብኝ። እኔን ግን ንዴት ያዘኝ።

«አንተ ዘፈን ነበረህ» አልኩት። «እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ሁሉ ‹ወንድምሽ ሰምቷል ወይ?› እያለ ይጠይቀኛል። ስላንተ ስመልስ ለራሴ ሳላለቅስ ቀረሁ። ካሴቶችህን እንኳ አክስታችን ለቅሶ ቤት ዘፈን አይከፈትም ብላ ቆለፈችባቸው። አንድ ቀን እማዬ እንዴት እንደሞተች ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ስለ ከበሮ መቺው ግን ስንት ጊዜ ጠየቅኸኝ!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ፣ አጠገባችን የቆመች ሴትዮ ራቅ አለች። ትራሙ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። እኛ እንደቆምን ነን።

«እንዴት ሞተች?» አለኝ።

እየሄድኩ ካልሆነ መናገር አልቻልኩም። ወደ ዜባህ መራመድ ጀመርኩ፤ እሱ ግማሽ እርምጃ ከኋላዬ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እህል እንደማይወርድላት፣ ሆስፒታል አልሄድም እንዳለች፣ ሌሊት ሌሊት እግሯን የማሸው እኔ እንደነበርኩ ነገርኩት። የመጨረሻውን ልዝለለው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም።

«ሁለት ቀን ሙሉ እኔን ባንተ ስም ነበር የምትጠራኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«‹አቤት› አልኳት። ‹መጥቻለሁ› አልኳት።»

አንድ ግቢ ፊት ካለች አጭር ግንብ ላይ ቁጭ አለና ጮኾ አለቀሰ። ዜባህ ውስጥ መንገድ ላይ እንዲህ አይለቀስም። ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰውዬ ወደ ማዶ ተሻገረ። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ፤ ቆይቼም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው የእኔም እንባ የመጣው።

ከዚያ ወዲህ ባንዱን አንስተን አናውቅም። አዲሱን አልበም ለብቻዬ ገዝቼ ሰምቼዋለሁ፤ ግማሹ ጥሩ ነው፣ ግማሹ አይረባም። ወንድሜ በወር አንድ እሑድ ዙሪክ ይመጣል። ቤት ከተቀመጥን አፋችን ስለሚተሳሰር አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ ብለው በሚያልፉበት በኦፕፊኮን በኩል ረጅም መንገድ እንሄዳለን። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ባለፈው፣ «የእማዬን ነጠላ ማን ወሰደው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኩት፤ ቅር ሳይለው ቀጣዩን ጠየቀኝ።