ካርታው ላይ ሽቅብ፣ መንገዱ ላይ ቁልቁል

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከምኖርበት ሰፈር ከቤሪያ ወደ ካትሌሆንግ እየሄድኩ ነበር... ታደሰ፣ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ እዚያ ሱቅ አለው። ሎክዳውን ከመጣ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም እሸሸው ነበር።

የሚወስደኝ ሹፌር ሰው የጠቆመኝ የሆሳዕና ልጅ ነው። ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ስላደረገው መልኩን አልለየሁትም። እኛ አበሾች ደግሞ ሰሞኑን ስንገናኝ የምናወራው ስለ እገታ ብቻ ነው።

ዓይኔ መስታወቱ ላይ የተሰካው ስልኩ ላይ አረፈ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የቻልኩት በራሴ ነው። ቤት ተዘግቶብን በከረምንበት ጊዜም የስልኬን ካርታ እንደ መጽሐፍ ሳጠና ነው የባጀሁት። ካትሌሆንግ ከቤሪያ በታች ነው። የእሱ ሰማያዊ መስመር ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል... ላይ ደግሞ ፕሪቶሪያ ነው።

እጄን ቀስ ብዬ ወደ በሩ መክፈቻ አስጠጋሁ።

«የት ነው የምትወስደኝ?»

«ካትሌሆንግ ነዋ፣ እትዬ።»

«ካትሌሆንግ ታች ነው። አንተ ሽቅብ ነው የምትሄደው።»

ሳቀ። «እርስዎ ካርታ ያነባሉ እንዴ?»

«ምን ያስቅሃል? መኪናውን አቁም።»

ደግነቱ ቀይ መብራት ያዘን። ስልኩን ነቅሎ ሰጠኝ። «ጥጉ ላይ ያለችውን ኮምፓስ ይንኳት» አለኝ። ነካኋት... ካርታው ዞረ። መስመሩ ቁልቁል ሆነ፤ ካትሌሆንግም እኔ የማውቀው ቦታዋ ላይ ታች ቁጭ አለች።

«ስነዳ መኪናው የሚሄድበትን ወደ ላይ አደርገዋለሁ» አለ። «ሰሜኑ ወደ ላይ ከሆነ፣ ወደ ደቡብ ስሄድ ይገለበጥብኛል። ካርታው ላይ በቀኝ ያለው መንገድ በግራዬ ነው የሚመጣው።»

ስልኩን መለስኩለት።

ባለቤቴ ልቡን የታመመ ቀን መኪናውን የነዳው ታደሰ ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ባሌን ደግፌ የስልኩን ካርታ አያለሁ። «ቀኝ ነው ግራ?» ሲለኝ «ቀኝ» አልኩት። ሆስፒታሉን አጣነው... ዞረን ስንደርስ አርፎ ነበር። ለታደሰ «ስልኩ ነው ያሳሳተን» አልኩት። ስልኩ ይሁን እኔ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ራሴም እርግጠኛ አልነበርኩም። ያን ቀንም የምንሄደው ወደ ደቡብ ነበር፤ ካርታው ግን ሰሜኑን ወደ ላይ እንዳደረገ ነው።

ታደሰ ሱቁ በር ላይ ወጥቶ ተቀበለኝ። ገና ሳልቀመጥ «ያኔ ስልኩ አልተሳሳተም። አጣምሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ወንበር ሳበልኝ።

«መንገዱን እኮ አውቀው ነበር» አለ። «ስንት ጊዜ ዕቃ ጭኜ ያለፍኩበት ነው። ግራ እንደሆነ እያወቅኩ... ደንግጬ፣ ቀኝ ስትይኝ ታጠፍኩ። ይህንን እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው ቤትሽ የማልመጣው።»

እኔ ደግሞ የማይመጣው ጠርጥሮኝ ነው እያልኩ ይኸው ስንት ዓመት ስሸሸው ኖርኩ።